የሊማሊሞ ገደልና ያልተዘረጋው ሐዲድ፤ በአንዲት ትንሽ የባቡር ሞዴል የተደረገ ምርመራ

ስለ ስሜን የባቡር ሐዲድ ታሪክ እንጻፍ ማለት ላልተወለደ ልጅ ስም ማውጣት ሊመስል ይችላል። ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ የሚሄድ መንገደኛ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ አንድም ሐዲድ አያይም፤ ከደባርቅ አልፎ ሊማሊሞን ቁልቁል ወርዶ ዛሪማና አዲ አርቃይ ቢደርስም አያይም። ይሁን እንጂ በዚህ አገር በኩል ሊያልፍ ይችል የነበረ ሐዲድ በባዕዳን መንግሥታት ወረቀት ላይ ከአንድ ጊዜ በላይ ታስቧል። ያ ሐዲድ ከወረቀት ወደ መሬት ሳይወርድ ለምን ቀረ? ይህን ጽሑፍ ያስነሣው ጥያቄ ይኸው ነው።

በተማሪዎች ዘንድ የተለመደው መልስ አጭር ነው፤ «ተራራው ከለከለው» ይባላል። እኛም ራሳችን በአንድ የክፍል ጽሑፍ ላይ ይህንኑ ጽፈን ነበር። መምህራችን በኅዳጉ ላይ በቀይ ቀለም «በምን ዐወቃችሁ?» የሚል ጥያቄ ጻፉበት። ነገሩን ስናስበው ገደሉን በዓይናችን ከማየታችን በቀር ሌላ ማስረጃ አልነበረንም። ስለዚህ ሁለት ነገር ለማድረግ ተስማማን። አንደኛው የታሪኩን ሂደት እንደገና መመርመር፣ ሁለተኛው ከገደሉ አንዱን ቁራጭ በትንሹ ሠርተን ባቡር ማስኬድ ነበር። ይህ ሁለተኛው የታሪክ ተማሪ ሥራ አይደለም ብለው የሳቁብን ጓደኞች አልታጡም። ከሁለቱ ይልቅ ያስተማረን ግን እርሱ ስለሆነ በዚህ ጽሑፍ ሰፊውን ቦታ ወስዷል።

አስቀድሞ ስለ መንገዱ ጥቂት እንበል። ከምጽዋ ተነሥቶ በአድዋ፣ በተከዜና በአዲ አርቃይ አድርጎ ሊማሊሞን የሚወጣው ጎዳና፣ ጎንደር ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን ከባሕር ጋር ካገናኟት ታላላቅ መንገዶች አንዱ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 መጀመሪያ ወደ ጎንደር የገባው ይህንኑ አቀበት ወጥቶ ነው። ነጋዴ ከነበቅሎውና ከነአህያው ለብዙ መቶ ዓመታት ወጥቶበታል፣ ወርዶበታል። ስሜንም ከአገሩ ታሪክ የተገለለ ማዕዘን አልነበረም፤ ደጃዝማች ካሣ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው በየካቲት 1847 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት በዚሁ በስሜን፣ በደረስጌ ማርያም መሆኑን ማስታወስ ይበቃል።

ወደ ወረቀቱ ስንመጣ፣ በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1906) እንግሊዝ፣ ፈረንሣይና ኢጣልያ ስለ ኢትዮጵያ በለንደን የሦስትዮሽ ውል ተፈራረሙ። በዚህ ውል ኢጣልያ ኤርትራንና ሶማልያን ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በሚያልፍ መስመር የማገናኘት ጥቅም እንዳላት ተጻፈ። ዳግማዊ ምኒልክ ውሉ በደረሳቸው ጊዜ ሉዓላዊ ሥልጣናቸውን በምንም እንደማይነካ አስታወቁ። ከዚያ በኋላ በታኅሣሥ 1918 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1925) እንግሊዝና ኢጣልያ ደብዳቤ ተለዋወጡ። እንግሊዝ በጣና ሐይቅ ላይ ግድብ ለመሥራት ስትጠይቅ ኢጣልያ ልትደግፋት፣ ኢጣልያም ያንን የምዕራብ ሐዲድ ለመሥራት ስትጠይቅ እንግሊዝ ልትደግፋት ተስማሙ። የአገሩ ባለቤት አልተጠየቀም። ኢትዮጵያ ግን በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆና ስለነበር፣ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1918 ዓ.ም. ለማኅበሩ ተቃውሞ አቀረቡ። ሁለቱ መንግሥታት «ለማስገደድ አላሰብንም» በሚል መንፈስ መለሱ፤ ጉዳዩም በዚያው ቀዘቀዘ።

ከኤርትራ ተነሥቶ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ለማለፍ የሚሻ ሰው በካርታ ላይ ጣቱን ቢያስኬድ ሁለት በር ያገኛል፤ አንደኛው በቆላው በሑመራና በመተማ አጠገብ፣ ሁለተኛው ነጋዴ በሚያውቀው በሊማሊሞ። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከእርሷ ወዲያ ደጋው በቢላ እንደ ተቆረጠ ዳቦ ሆኖ ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ ቆላው ይወርዳል። ይህን የሚወጣ ባቡር አለን? በዘመኑ ቅርብ የነበረው ምሳሌ የምጽዋ–አሥመራ ሐዲድ ነው። እርሱ ከባሕር ዳር ተነሥቶ በ118 ኪሎ ሜትር ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል፤ እጅግ በከፋው ዳገቱ በ100 ሜትር ርዝመት 3 ሜትር ተኩል ከፍ ይላል። አሥመራ የገባው እ.ኤ.አ. በ1911 ነው። በዚሁ ልክ ሊማሊሞን እንውጣ ብንል ለ1,000 ሜትር ከፍታ 28 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ሐዲድ ይበቃል። ዳገቱን ወደ 2 ሜትር ተኩል ብናለዝበው 40 ኪሎ ሜትር ይሆናል። እንግዲህ በሒሳብ ብቻ ሲታይ የማይቻል ነገር አይደለም። ሒሳብ ግን ጭቃ አያውቅም።

ያገኘናት ባቡር አንድ መምህር ከውጭ አገር ያመጧት የልጆች መጫወቻ ናት። መጠኗ ከእውነተኛው አንድ ሰማንያ ሰባተኛ ሲሆን፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 16 ሚሊ ሜትር ተኩል ነው። ገደሉን ሙሉውን በዚህ መጠን እንሥራው ብንል 1,000 ሜትሩ 11 ሜትር ተኩል ስለሚሆን የክፍላችን ጣራ አይችለውም። ስለዚህ አንድ መታጠፊያ ብቻ ከደጋው አፋፍ ጋር መረጥን። 2 ሜትር ከ40 በ1 ሜትር ከ20 በሆነ ጠረጴዛ ላይ የገደሉን ጎን በጭቃና በገብስ ገለባ ሠርተን ሐዲዱን በላዩ ዘረጋን። የአሥመራው መንገድ እጅግ የጠበበው መታጠፊያ 70 ሜትር ራዲየስ አለው፤ ይህም በእኛ መጠን 80 ሳንቲ ሜትር ነው። ጠረጴዛው ስላልበቃን 50 አደረግነው። ስለዚህ ገና ከጅምሩ ኢጣልያኖች ያልደፈሩትን ደፍረን ነበር ማለት ነው።

ባቡሯ በመጀመሪያው ቀን ሁለት ጊዜ ያለ ችግር ወጣች፤ አጨበጨብን። በሦስተኛው ቀን መታጠፊያው መግቢያ ላይ ከሐዲድ ወጣች፤ በአራተኛው ቀን በሦስት ቦታ ወጣች። ከመካከላችን አንዱ መታጠፊያው ጠበበ፣ ሌላው ፉርጎዎቹ ቀለሉ፣ ሦስተኛው ፍጥነቱ በዛ አለ። ሁሉም በየፊናው የመሰለውን ሲያስተካክል ዋለ። በማግስቱ ባቡሯ ደኅና ሄደች፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወደቀች፤ የትኛው ማስተካከያ እንደጠቀመ፣ የትኛው እንደጎዳ የሚያውቅ አልተገኘም። በዚህ ምክንያት አንድ ሥርዓት አወጣን። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይነካል፤ የተነካውም በደብተር ይጻፋል።

ሞተሩን አንሥተን አንድ ፉርጎ ብቻ በእጃችን ቀስ እያደረግን ገፋን፤ የወጣበትንም ቦታ በጠመኔ አመለከትን። ቀጥሎ ሌላውን፣ ቀጥሎም ሌላውን ገፋን። ሐሳቡ ቀላል ነው። ፉርጎዎቹ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ የሚወድቁ ከሆነ ጥፋቱ የሐዲዱ ነው፤ አንዱ ፉርጎ ብቻ በየሄደበት የሚወድቅ ከሆነ ጥፋቱ የዚያው የፉርጎው ነው። ከአምስቱ አራቱ በጠመኔው ምልክት ላይ ወደቁ። አምስተኛው ግን በየቦታው ይወድቅ ነበር፤ በካሊፐር ስንለካው መንኮራኩሮቹ እርስ በርሳቸው ተቀራርበው ተገኙ። እነርሱን በጥቂቱ ሳብ አድርገን ከክሱ ነፃ አወጣነው። ይህን ፈተና አንባቢ እንዲያስታውሰው እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

በምልክቱ ላይ ጣታችንን ስናሳልፍ ጥፍር ያዘ። አንደኛው የሐዲድ ጫፍ በማያያዣው ውስጥ በመግባት ፈንታ በላዩ ወጥቶ ተቀምጦ ነበር። ይህን አስተካከልን፤ የተንሻፈፈውን ጫፍ በሞረድ አለሰለስን። ፉርጎዎቹ ግን አሁንም እዚያው ይወድቃሉ። ቆይተን እንደተረዳነው ሁለቱ የሐዲድ ቁራጮች የተጋጠሙት ልክ መታጠፊያው በሚጀምርበት ቦታ ነበር፤ እያንዳንዱ ቁራጭ እንደ ጠባዩ ቀጥ ማለት ስለሚሻ በመገጣጠሚያው ላይ ክርን የሚመስል ስብራት ፈጥሯል። መገጣጠሚያውን ወደ ቀጥታው ክፍል ስናዛውረውና መታጠፊያው በአንድ ወጥ ቁራጭ እንዲጀምር ስናደርግ የዚያ ቦታ ችግር አበቃ።

ሁለተኛው ጥፋት የምስማር ነው። ምስማሩን ከመካከላችን በጉልበቱ የሚመካው ስለመታው አግዳሚው ከመሐል ሰርጉዶ ሁለቱን ሐዲዶች ወደ ውስጥ አዘንብሏቸው ተገኘ። ስፋቱ ከ16 ከግማሽ ወደ 16 ሚሊ ሜትር ከሁለት አሥረኛ ወርዷል። ልዩነቱ ሦስት አሥረኛ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ለመጣል ግን በቅቷል። ምስማሩን ትንሽ ስናላላው አግዳሚው ወደ ቦታው ተመለሰ። በአፋፉ ላይ ደግሞ ሜዳው በድንገት ዳገት ስለሚሆን የሞተሩ የፊት መንኮራኩሮች ለቅጽበት አየር ላይ ይንጠለጠሉ ነበር፤ የፉርጎዎቹም ማያያዣ ይላቀቅ ነበር። ዳገቱ ቀስ በቀስ እንዲጀምር አደረግነው። ሞተሩ ከጠረጴዛው ዳር ሲደርስ የሚደክመው ኤሌክትሪኩ በላሉ ማያያዣዎች እየቀነሰ ስለሚደርሰው ነበር፤ ሌላ ሽቦ በዚያ ጫፍ በየድንበት፤ ይህ ግን ለታሪክ የሚነግረን ነገር የለም።

እጅግ ያስቸገረን ጭቃው ነው። በውሃ ልክ ስንመለከት በመታጠፊያው የውጭኛው ሐዲድ በአንድ ቦታ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ሰጥሟል። ጭቃው ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ሲሰበሰብም ይሰነጠቃል፤ ሐዲዱም አብሮ ይጠመዘዛል፤ ከፉርጎው አራት መንኮራኩሮች አንዱ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ስንጥቁን በደፈንን ቁጥር በማግስቱ ሌላ ቦታ ይወጣ ነበር። በመጨረሻ ጭቃውን ጠርበን ከሐዲዱ ሥር ሳንቃ አስገባን።

የሦስት አሥረኛዋ ሚሊ ሜትር ነገር ሌላ ቁጥር አስታወሰችን። የኤርትራው ሐዲድ ስፋት 950 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የቀድሞው የጅቡቲ–አዲስ አበባ ሐዲድ ግን 1,000 ሚሊ ሜትር ነበር። ይህ ልዩነት በእኛ ሞዴል ላይ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። ሆኖም የአንዱ ፉርጎ በሌላው ላይ አይሄድም። በ1918 ዓ.ም. የታሰበው የምዕራብ ሐዲድ በኤርትራው ስፋት ተዘርግቶ ቢሆን ኖሮ፣ ኢትዮጵያ በምሥራቅ አንድ፣ በምዕራብ ሌላ፣ ፈጽሞ የማይጋጠሙ ሁለት መንገዶች ይኖሯት ነበር፤ በሚገናኙበትም ጣቢያ ጭነቱ ሁሉ ከፉርጎ ወደ ፉርጎ መገልበጥ ነበረበት። ውሉን የተቃወሙት ሰዎች ስለ ሉዓላዊነት እንጂ ስለ ሚሊ ሜትር አልተከራከሩም፤ ነገር ግን በእኛ አስተያየት ሁለቱ በጣም የሚራራቁ አይደሉም። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ሐዲድ 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት ስላለው፣ ከአሮጌው ጋር እርሱም አይጋጠምም።

በትንሿ ጠረጴዛ ያየነው በታላቁም ደርሷል። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ከዙላ ባሕር ዳር ወደ ተራራው ግርጌ አጭር ሐዲድ ዘርግቶ ነበር። ከሕንድ የመጣው ሐዲድ ያገለገለና ዓይነቱም ልዩ ልዩ ስለነበር መገጣጠሙ ብዙ አስቸገረ፤ ፉርጎዎቹም ሞላ አልነበራቸውም። በለጥ ባለ ሜዳ ላይ እንኳ ይህ ሆነ። መታጠፊያና ፍጥነት ሲጋጠሙ ምን እንደሚያመጡ ደግሞ በጥር 1977 ዓ.ም. በአዋሽ የደረሰው አደጋ ያሳያል፤ በፍጥነት የሚጓዝ ባቡር ጠማማው ድልድይ ላይ ከሐዲድ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ይህን ካነበብን በኋላ በሞዴሉ ላይ ባቡሯን አጣድፎ ማስኬድ እንደ ቀልድ መቁጠሩን ትተናል።

እንግዲህ ወደ ፉርጎው ፈተና እንመለስ። ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ከወደቀ ጥፋቱ የቦታው ነው ብለናል። ሊማሊሞ ላይ ሁሉም ወድቋልን? አልወደቀም። የነጋዴ በቅሎ ወጥቶበታል። በወረራው ዘመን ከአሥመራ ወደ ጎንደር የሚወስደው የመኪና መንገድ በወልቀፊት በኩል ከገደሉ ተጠርቦ፣ ካሚዮን ከነጭነቱ ወጥቶበታል። የኢጣልያ ጦር ወልቀፊትን እስከ መስከረም 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ድረስ ይዞ የቆየውም ያ መንገድ ስላስፈለገው ነው፤ በአርበኞችና በእንግሊዝ ጦር ተከቦ ስንቁ ሲያልቅ እጁን ሰጠ።

በሌላ በኩል የሐዲድ ሥራ በኢትዮጵያ የቆመው ገደል በሌለበትም ነው። አልፍሬድ ኢልግ በ1886 ዓ.ም. ፈቃድ የተቀበለበት ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ ሰባት ዓመት ያህል እዚያው ቆመ። ያቆመው የፈረንሣይ መንግሥት በኩባንያው ውስጥ እጁን ማስገባቱ፣ የዳግማዊ ምኒልክ ቅሬታና የገንዘብ እጦት ነው። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነበር። እዚህ ላይ ለተራራው ወገን የሚከራከር ሰው «ሐረርስ?» ሊለን ይችላል፤ ትክክል ነው። ሐዲዱ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ሳለ ተራራው ስለከበደ በግርጌው አለፈ፤ ድሬዳዋም በዚህ ምክንያት ተቆረቆረች። ነገር ግን ይህ የሚያስረዳው ተራራ ሐዲድን እንደሚያዞር ነው፤ እንደሚከለክል አይደለም። በስሜንም ቢሆን የሚዞሩበት ቆላ አለ። የስታራቼ የመኪና ጦር መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ሊማሊሞን ወጥቶ ሳይሆን በምዕራብ በኩል ከኦም ሐጀር ተነሥቶ ነው።

ስለዚህ የቀድሞ መልሳችንን እናነሣለን። ሐዲዱ በስሜን በኩል ያላለፈው በመጀመሪያ ደረጃ የታሰበው ባለቤቱ ሳይጠየቅ ስለሆነ፣ ባለቤቱም በማኅበሩ አደባባይ ስለተቃወመ ነው። ወራሪው አገሩን በያዘ ጊዜ ደግሞ ችኩል ስለነበር ካሚዮን መረጠ፤ ሐዲድ ሃያ ዓመት ይፈልጋል፣ የመኪና መንገድ ሁለት ሦስት ዓመት ይበቃዋል። ተራራው ለዚህ ምርጫ ምክንያት አልሆነም አንልም፤ ዋናው ተከሳሽ ግን እርሱ አይደለም።

ይህን ጽፈን ጨርሰን ሳለ አንድ የዳባት ሽማግሌ ሞዴሉን ሊያዩ መጡ። በወጣትነታቸው በጎንደር–አሥመራ መንገድ የካሚዮን ረዳት የነበሩ ናቸው። ጠረጴዛውን ዞር ዞር ብለው አዩና፣

«ልጆቼ፣ ውሃው በየት ነው የሚወርድ?» አሉን።

«አባባ፣ ውሃ የለበትም፤ ሞዴል ነው» አልናቸው።

ሳቁ። «እንግዲያስ ሊማሊሞ አይደለም» አሉ።

ካሚዮን በዳገት አይቸገርም ነበር አሉን። የሚያስቸግረው ክረምት ነው፤ ውሃው መንገዱን ከላይ ሳይሆን ከሥር ይበላዋል፤ ከላይ ደኅና የሚመስለው ጎማ ሲያርፍበት ይናዳል። ረዳቱ ቀድሞ በእግሩ ወርዶ ጠርዙን በዱላ ይመታ ነበር፤ ድምፁ ባዶ ከሆነ ሾፌሩ ወደ ገደሉ ግድግዳ ተጠግቶ ያልፋል። ካሚዮን አንድ ክንድ ወደ ጎን ማለት ይችላል። ባቡር አይችልም። ይህ ነገር በሒሳባችንም በሰነዶቹም ውስጥ አልነበረም። በ28ቱም ሆነ በ40ው ኪሎ ሜትር፣ በየክረምቱ፣ በየቦዩ አካፋ ይዞ የሚቆም ሰው ያስፈልግ ነበር ማለት ነው፤ በሒሳባችን ግን ያሰላነው መውጣቱን ብቻ ነበር።

በማግስቱ በአትክልት ማጠጫ ቆርቆሮ ከአፋፉ በላይ ውሃ አፈሰስን። በሁለተኛው ቆርቆሮ የመታጠፊያው ጎን ሟሽሾ ወረደ፤ ሐዲዱ ከነሳንቃው አየር ላይ ቀረ። ከሐዲዱ በላይ በቆርቆሮ አሸንዳ ሠርተን ውሃውን ወደ ጎን ካወረድነው በኋላ ግን አምስት ቆርቆሮ ቻለ፤ አሸንዳው በገለባ ሲዘጋ ስድስተኛውን አልቻለም።

ሞዴሉ በክፍላችን ጥግ ቆሟል። በአፋፉ በኩል አንዲት አዲስ ስንጥቅ ወጥታለች፤ በጠመኔ አመልክተን ቀኑን ጽፈንባታል።